አራት የሸሚዝ ቁልፍ ይዘን መርካቶ

ቅዳሜ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

ከታላቅ ወንድሜ ከታምሩ ጋር ከልደታ ጣቢያ በባቡር ተነሳን። ታምሩ ጌጃ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነበር፤ መርካቶ የምንሄደው ገበርና ዚፕ ልንገዛ ነው። እሱ ግን ሌላም ጉዳይ ነበረው። በእረፍቱ ስለ ዩኒቨርስ ያነብ ነበር፤ ያነበበውን ይነግረኝና መልሼ እንዳስረዳው ይፈልግ ነበር። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ስናገር ግን ቃል ይጠፋብኛል።

"ዛሬ ሳንመለስ ታስረዳኛለህ" አለኝ።

ባቡሩ ውስጥ ቆመን ሳለ ከኪሱ የሱሪ ወገብ ላስቲክ አወጣ። አራት የሸሚዝ ቁልፎች ሰፍቶበታል። እያንዳንዱ ቁልፍ ጋላክሲ ነው አለኝ፤ በስበት የተያያዙ እልፍ ኮከቦች። ላስቲኩ ደግሞ በመካከላቸው ያለው፣ ዘወትር የሚሰፋው ጠፈር ነው። ላስቲኩን ሳበው። ቁልፎቹ ከተሰፉበት አልተነሱም፤ በመካከላቸው ያለው ግን ሰፋ። ሲለቀው ተጠጋጉ። ጊዜን ወደ ኋላ ብንመልሰው ሁሉም ነገር እንዲህ የተጠጋጋና እጅግ የጋለ ነበር አለ፤ የዚያን ጊዜ ብርሃን ደክሞም ቢሆን ዛሬ ከየአቅጣጫው ይደርሰናል።

አጠገባችን የተቀመጡ አንድ የሰንጋ ተራ እናት ሲሰሙ ቆይተው "ሁሉም ከሰፋ፣ የእኔ ኮንዶሚኒየም ምን ነክቶት ነው የማይሰፋው?" አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ታምሩም እየሳቀ "እማማ፣ ቁልፉን ይዩት። የሚለጠጠው ላስቲኩ ነው። የተያያዘ ነገር አይለጠጥም" አላቸው።

"እንግዲያው ቤቴን በላስቲክ አሠራዋለሁ" ብለው ወረዱ።

ስድስት ሰዓት

ታምሩ ገበሩንና ዚፑን ተከራክሮ ገዛ። ሽሮ በላን። እኔም የከነከነኝን ጠየቅኩት፤ የሚሰፋው የዩኒቨርስ መሀሉ የት ነው?

ላስቲኩን ኪሴ ከተተና "አንተ ፈልገው" አለኝ።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ መልሴን ጠበቀ። ነገ አልኩት። እሺ፣ ነገ አለ።

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ደረቱን አመመው። ሐኪም ቤት ሳንደርስ አረፈ።

እሑድ ጠዋት

ግቢው ውስጥ ድንኳን ይተከል ነበር። አባታችን የታምሩ የስፌት መኪና አጠገብ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ላስቲኩን አወጣሁ።

"ይህን ጫፍ ይያዙልኝ" አልኳቸው።

ሳብኩት። ቃል እየጠፋብኝ፣ እያቆምኩ፣ ለታምሩ ያልመለስኩለትን ነገርኳቸው። ከዚህኛው ቁልፍ ብናይ ሌሎቹ ይርቃሉ። ከዚያኛው ብናይም እንደዚያው። "መሀል የለውም፣ አባባ። ከየትም ቢያዩት ያው ነው።"

"ቁልፎቹስ?"

"እነሱ አይለጠጡም።"

አባባ ጫፉን ሳይለቁ "ከመጀመሪያው ንገረኝ" አሉኝ።

ሁሉም ነገር ተጠጋግቶ ከነበረበት ጊዜ ጀመርኩ።