ወገቤ አልነበረም

የተወደዳችሁ ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ። በኦሮምኛም፣ ጎፍታን ሃ ኤቢፈሙ። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የወጣሁት። ስትሰሙ የምታፍሩ ካላችሁ አልፈርድባችሁም፤ እኔ ራሴ ለመናገር ስንት ዓመት አፍሬያለሁ። ወንድሞችም ተነስታችሁ እንዳትወጡ፣ ቁጭ በሉ። ሚስት አላችሁ፣ እናት አላችሁ።

ብዙዎቻችሁ "ባለ ብስክሌቷ መምህርት" ነው የምትሉኝ። ከኋላዬ ስትሉ እሰማለሁ፣ ችግር የለውም። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከአምቦ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ በጠጠር መንገድ የሚኬድበት ነው። ሲመለሱ ሰው ስለማያገኙ የባጃጅ ሹፌሮች እዚያ ድረስ እሺ አይሉም። ስለዚህ ባለቤቴ ገመቹ ገና እንደተጋባን ብስክሌት ገዛልኝ። መጀመሪያ ቀሚሴን ሰብስቤ ስወጣበት የሰፈር እናቶች "ይቺን ልጅ ምን ነካት" ይሉ ነበር። በኋላ ለመዱኝ፤ እንዲያውም ሰላም ሳልላቸው ካለፍኩ ይቆጡኛል።

በዚያን ጊዜ እሁድ እሁድ እዚህ እመጣለሁ እንጂ ጌታን የምፈልግ ሰው አልነበርኩም። ጤነኛ ነኝ፣ ሥራ አለኝ፣ ባል አለኝ። ሃያ ሊትር ጀሪካን አዝዬ ዳገት እወጣለሁ። ምን ብዬ ልጸልይ? ጸሎት የደካማ ሰው ነገር ይመስለኝ ነበር።

ሦስተኛ ልጄን ስወልድ ምጡ በዛብኝ። ልጅቷም ትልቅ ነበረች፤ ይኸው አሁን አድጋ እዚያ ተቀምጣ እያፈረችብኝ ነው። አይዞሽ ልጄ። ገና አራስ ቤት ሳለሁ "እኔ እንደ ሌላው ሴት አልተኛም" ብዬ ውሃ መሸከም ጀመርኩ። አንድ ቀን ጀሪካኑን አውርጄ ቀና ስል፣ ታች እንቁላል የሚያክል ነገር ተሰማኝ። ማህፀኔ ነበር ቅዱሳን። ማህፀኔ ወርዶ ነበር። ዛሬ በማይክ የምናገረውን ያኔ ለባሌ በጆሮው እንኳ አልነገርኩትም።

ስተኛ ይመለሳል። ጠዋት ደህና ነኝ፣ ከሰዓት በኋላ ይከብደኛል። ብስክሌቱ ላይ ስወጣ ደግሞ መቀመጫው ጠባብና ደረቅ ስለሆነ፣ በገዛ ማህፀኔ ላይ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ። ዳገት ላይ ትንፋሼን ይዤ፣ ቆሜ ፔዳሉን ስረግጥማ ጭራሽ ይወጣል። ዓመት ባለፈ ቁጥር ስለባሰብኝ ወርጄ እየገፋሁ መሄድ ጀመርኩ። ዳገቱን ብቻ ሳይሆን የሜዳውንም ግማሽ።

ነገሩ የተጣመመው እዚህ ላይ ነው። የሴቶች ጸሎት መሪያችን አዴ ጫልቱ አንድ ቀን ብስክሌቴን እየገፋሁ መንገድ ላይ አገኙኝ።

"ምነው ጽጌ፣ ወገብሽን ነው?" አሉኝ።

ዝም አልኩ። ዝምታዬ እሺ ሆነና በሚቀጥለው ረቡዕ ጸሎት ላይ ወገቤ ላይ እጅ ተጫነ። ከዚያ በኋላ የእኔ ወገብ የጉባኤው ሁሉ ወገብ ሆነ። ሽማግሌዎች ጸለዩለት፣ ወጣቶች ጾሙለት፣ ከጊንጪ የመጣ አገልጋይ ዘይት ቀባው። አንዷ እህት፣ ጌታ ይባርካት፣ ሰፊ መቀነት አምጥታ ጥብቅ አድርጋ አሰረችልኝ። መቀነቱ ሆዴን ሲጫነው ታች ያለው ባሰበት። ወገቤ ግን ምንም አልሆነም። ድሮም ደህና ነበር።

እቤት ደግሞ አማቴ "ያ ብስክሌት ነው የገደለሽ፣ ይሸጥ" ይላሉ። ገመቹም ተስማማ። ብስክሌቱ ከተሸጠ ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ መሄድ አልችልም፤ ሥራዬ አለቀ ማለት ነው። ርዕሰ መምህሩን ወደ ከተማ ዝውውር ብጠይቀው "መምህርት፣ ቦታ የለም። ካልቻልሽ በጊዜ አሳውቂን፣ ሰው እንፈልጋለን" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ እውነቱን ነው። እኔ ግን ያን ቀን ልቤ ተሰበረ። ማስተማር እወዳለሁ። የእኔ የምለው ነገር እሱ ነበር።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ አዴ ጫልቱ እንደ ልማዳቸው ወገቤ ላይ እጃቸውን ጭነው "ጌታ ሆይ፣ ይህን ወገብ አጽና" ሲሉ አለቀስኩ። ሴቶቹ መንፈስ የነካኝ መስሏቸው "አሜን፣ አሜን" ይላሉ። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። ሁሉም ወጥተው እኔና አዴ ጫልቱ ብቻ ስንቀር አወጣሁት።

"አዴ፣ ወገቤ አይደለም። ማህፀኔ ነው። ወርዷል።"

ይደነግጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ እሳቸው ዙሪያውን አዩና ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። "ኢንተለ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "እኔ በጉባኤ ለምን የማልቀመጥ ይመስልሻል?"

ቅዱሳን፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አዴ ጫልቱ ስብከቱ ሁሉ አልቆ እስክንወጣ እዚያ ግድግዳው ጋ ይቆማሉ። "እንዴት ያሉ የጸሎት ሴት ናቸው፣ ወንበር እንኳ አይፈልጉም" እንላለን። እኔም እል ነበር።

"መቀመጥ ስለማልችል ነው" አሉኝ። "የመጨረሻ ልጄን ከወለድኩ ጀምሮ። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።"

ተቃቅፈን አለቀስን፣ ከዚያ ሳቅን። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው "ጌታ ሆይ፣ የጽጌ ማህፀን ወርዷል፣ የእኔም ወርዷል፣ አንተ ታውቀው ነበር" ብለው ጸለዩ። እውነተኛውን ነገር ይዤ ጌታ ፊት ስቀርብ የመጀመሪያዬ ነበር። ለካ በራሴ ብርታት ሳይሆን በእሱ ምሕረት ነው የምኖረው። ሕይወቴን የሰጠሁት ያን ቀን ነው፣ እዚያች አግዳሚ ወንበር ላይ። ሃሌ ሉያ።

በነጋታው ሆስፒታል አብረን ሄድን። ዶክተሯ ወጣት ናት። መርምራን ስታበቃ "እናቶቼ፣ ይሄ እኮ ብዙ ሴት ላይ ያለ፣ ሕክምና ያለው ነገር ነው። እስካሁን የት ነበራችሁ?" አለችን።

አዴ ጫልቱ "ወገባችንን ስናስጸልይ" አሉ። ዶክተሯ አልገባትም፣ እኔ ግን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

የእኔ በቀዶ ሕክምና የሚቸኮልበት አይደለም ተባለ። ወደ ላይ ደግፎ የሚይዝ ለስላሳ ቀለበት አስገባችልኝ። ሽንት ሲመጣ እንደምንይዘው አድርጌ ጡንቻውን ማጥበቅና መልቀቅ አስተማረችኝ፤ አሁን ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩም እሠራዋለሁ፣ ማንም አያውቅም። መቀነቱን ጣይው አለችኝ። ከባድ ነገር እንዳላነሳ ከለከለችኝ። በመጨረሻ እየፈራሁ "ብስክሌቱስ?" አልኳት።

"ብስክሌቱ ምን አደረገሽ? ጀሪካኑ ይብሳል" አለች። "ሰፋ ያለ፣ መሃሉ ክፍት የሆነ መቀመጫ ፈልጊ፣ ጫፉን ትንሽ ዝቅ አድርጊው። በቀላል ማርሽ ንጂ፣ ትንፋሽሽን አትያዢ። ከከበደሽ ውረጂና ግፊ፣ ማንም አይቀጣሽም።"

ማታ ለገመቹ ነገርኩት። ጥግ ያለውን ጀሪካን አየ። ከዚያ "እኔ ብስክሌቱን ልሸጥ ነበር እኮ፣ ጀሪካኑን እያሸከምኩሽ" አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃ የሚያመጣው እሱ ነው። መቀመጫውንም አምቦ ቢያጣው አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ልኮ አስመጣው። እናቱ "ምን ዓይነት ብስክሌት ነው ቀዳዳ ያለው" ብለው ሲጠይቁት "ለሚስቴ የሚስማማ" አላቸው። ያን ቃል መቼም አልረሳውም።

መጀመሪያ ቀን ስወጣበት ቀስ ብዬ ነዳሁ። ዳገቷ ጋ ስደርስ ወረድኩና ገፋሁ፣ ከዚያ መልሼ ወጣሁ። ትምህርት ቤት ደርሼ፣ ክፍል ገብቼ፣ ስም መጥራት ስጀምር ነው ትዝ ያለኝ፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ማህፀኔ አላሰብኩም። ብቻዬን ስስቅ ተማሪዎቹ "ቲቸር ምን ሆንሽ" አሉኝ። ደስታ ነው አልኳቸው። ጌታ ይባረክ።

"ፈጽሞ ስትድኚ መስክሪ" ያሉኝ አሉ። በፍቅር ነው ያሉኝ። እኔ ግን ይህን ስናገር ቀለበቱ አሁንም ውስጤ ነው፤ ብስክሌቴም ውጭ አጥሩ ጋ ቆሟል፣ ነድቼው ነው የመጣሁት። የእኔ ጌታ እጄን ይዞ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ ጌታ ነው፣ አመሰግነዋለሁ። እህቴ፣ አንቺም የደበቅሽው ካለ ለጌታ ንገሪው። ለሐኪምም ንገሪ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ።

የአዴ ጫልቱ ሕመም ግን ከእኔ ይብሳል። በሚቀጥለው ሳምንት ኦፕራሲዮን ይሆናሉ። ስማቸውን እንድጠራ ፈቅደውልኛል፤ ያው ግድግዳው ጋ ቆመው እየሰሙኝ ነው። አሁን ተነስተን እንጸልይላቸው። ቅዱሳን፣ አደራችሁን፣ ወገባቸውን እንዳትሉ።