ከሐይቁ በኩል

የአሮጌው የድንጋይ ቤታችን መልክ ይለወጥ አይለወጥ ብሎ የሚወስነውን የማዘጋጃ ቤት ሰው የቀበሌው ሊቀ መንበር መንገድ ዳር ቆሞ ሲጠብቀው፣ እሱ በሐይቁ በኩል በታንኳ መጣ። ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጫማውን በክሩ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ራሱ ይቀዝፋል። ዳር ሳይደርስ ታንኳዋን አቆመና የበረንዳውን ቅስቶች አንድ ባንድ አያቸው።

ሊቀ መንበሩ በጓሮ ዞሮ ደረሰ።

«ጓድ፣ በረንዳው በብሎኬት ተዘግቶ የስብሰባ አዳራሽ ይሆናል። ቅስቶቹ እንደሁ ከመንገድ አይታዩም።»

«አይዘጋም።»

«ከሐይቁ በኩልማ ከዓሣ አጥማጅ በቀር ማን ያያቸዋል?»

ሰውየው ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እግሩን በመሐረብ አደረቀ፤ ጫማውን አጥልቆ ክሩን ጠበቅ አድርጎ ቋጠረ።

«አባቴ መረብ ሲጥል፣ እኔ እነሱን እያየሁ ነው ያደግሁት» አለ። «አይዘጋም።»