ባዶዋ ጀልባ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ወደ ቤቴ በተሳፈርኩባት ባጃጅ ውስጥ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይከራከሩ ነበር። አንዱ «ሞቷል እኮ!» ይላል፤ ሌላው «አልሞተም፣ ደርሷል» ይላል። መርዶ መስሎኝ ደነገጥኩ። ጆሮዬን ሰጥቼ ስሰማ ግን የሚያወሩት ስለ አንድ የቆየ ጌም ነው፤ ያውም እኛ በልጅነታችን «መንገደኛው» ስለምንለው። ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ፈገግ አልኩ። እኔ አስራ አንደኛ ክፍል ሳለሁም ክርክሩ ይኸው ነበር።

ያኔ የጓደኛዬ የራቢያ አጎት፣ ኢብራሂም፣ ከአሶሳ ገበያ ጀርባ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረው። ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ቤት ስትገባ ብዙም አይታይም፤ ራቢያ የባለቤቱ የእህት ልጅ ስለሆነች ግን እሷንም እኔንም ማንም ምንም አላለንም። እሷ የአካባቢው ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ የእኔ ወላጆች በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። ክረምት ሲገባ የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልን፣ ቀዩ ጭቃ ጫማችንን እየያዘብን እንሄድ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የጌሙ ድምፅ አይሰማም። ቢሰማም እንግሊዝኛው ከግማሽ በላይ አይገባንም፤ ታሪኩን የምንከተለው በዓይናችን ነበር።

መንገደኛው በጦርነት የተበተኑ ቤተሰቦቹን የሚፈልግ ሰው ነው። በመጀመሪያው ክፍል በረሃ ያቋርጣል፣ በሁለተኛው ተራራ። ሦስተኛውና የመጨረሻው ክፍል አሶሳ የደረሰው በዚያ ክረምት ነው። እየተፈራረቅን ተጫውተን ጨረስነው። መጨረሻው ላይ ሰውየው አርጅቷል፤ በትንሽ ጀልባ ጉም ወደ ሸፈነው ሐይቅ ይገባል። ቴሌቪዥኑ ነጭ ብቻ ይሆናል። ከሩቅ ውሻ ይጮኻል። ከዚያ ባዶ ጀልባ ውሃው ላይ ስትዋልል ትታያለች። አለቀ።

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ታደለ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ነበር፤ ከሁላችንም የሚበልጥ ተጫዋች፣ ድምፁም ጎላ ያለ።

«ሰጥሟል» አለ። «ጀልባዋ ባዶ ናት፤ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?»

«ወርዶ ነዋ!» አለችው ራቢያ። «ውሻው ሲጮህ አልሰማህም? ውሻ ካለ ሰው አለ። ሰው ያለበት ደርሷል።»

እኔ በሆዴ ከታደለ ጋር ነበርኩ፤ በአፌ ግን ከጓደኛዬ ጎን ቆምኩ። ክርክሩ ትምህርት ቤትም፣ መንገድ ላይም ይከተለን ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታደለ ሊረታት ፈልጎ ጮክ ብሎ፣ «ባይሞት ኖሮ ተመልሶ ይመጣ ነበር!» አለ።

የራቢያ አባት ለንግድ በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን ከተሻገረ ሁለት ክረምት አልፎት እንደነበር የማያውቅ በዚያ ቤት አልነበረም። ታደለም ያለው ነገር የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው፤ አንገቱን ደፋ። ራቢያ ጆይስቲኩን ቀስ ብላ አስቀምጣ ወጣች። ተከተልኳት።

እነሱ ቤት ስንደርስ ዘመዶቿ ተሰብስበው አገኘናቸው። ለአባትየው እንደ ሞተ ሰው የሙት ሰደቃው ይውጣለት፣ እናትየውም ቁርጧን ትወቅ ይላሉ። ራቢያ ግን ሰደቃ ማውጣት አባቷን በገዛ እጅ መቅበር ሆኖ ስለሚታያት ስትቃወም ከርማለች። እናቷ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረቡልን፤ ሁለታችንም አልበላንም። እናትየው ልጃቸውን በቋንቋቸው በሩጣና ምን እንደሆነች ጠየቋት፤ እሷም ታደለ ያለውን ነገረቻቸው። ከዚያ እኔም እንድሰማ በሚሰባበር አማርኛቸው ተናገሩ።

«እኔ ሞተ ማለት አይችልም። አለ ማለትም ደከመኝ። ዱዓ ለሞተም ነው፣ ለሄደም ነው። ሰደቃ እናደርጋለን። እሱ ከመጣ፣ ይብላ።»

ራቢያ አባቷ ከሄደ ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። አልቅሳ ስታበቃ ፊቷን ታጥባ፣ ጀሪካን አንስታ ለድግሱ ውሃ ልትቀዳ ሄደች።

በሰደቃው ዕለት ታደለ ከእናቱ ጋር ማልዶ መጣ፤ ማንም ሳያዘው እንጨት ሲፈልጥ አረፈደ። ራቢያ ሻይ ይዛለት ሄደች። ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ቀደመችው። «ስኳር ይበቃሃል?» አለችው። ይበቃኛል አለ። እርቃቸው ይኸው ነበር።

ስለ አባቷ ቁርጥ ያለ ወሬ አልመጣም። አንዱ ነጋዴ ሱዳን ውስጥ፣ ደማዚን ከተማ ላይ በደህና አየሁት አለ፤ ሌላው በወባ ሞቷል አለ። እናትየውም ሳያውቁ አለፉ።

ከባጃጇ እንደወረድኩ ባምባሲ ወደምትኖረው ራቢያ ደወልኩ። አሁን መድኃኒት ቤት አላት። ተማሪዎቹን ነገርኳት፤ ሳቀች።

«የእኔም ልጅ ያንኑ ይጠይቀኛል» አለች።

«ምን ትይዋለሽ?»

«ሞቷል ካልክ ሞቷል በል፣ ደርሷል ካልክም ደርሷል በል እለዋለሁ። ግን ከመናገርህ በፊት አጠገብህ ማን እንደተቀመጠ እይ።»

ደንበኛ መጣባትና ስልኩን ዘጋችው። እኔ አሁንም ሰውየው ሰጥሟል ባይ ነኝ። ለራቢያ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳት፤ የምነግራትም አይመስለኝም።