አጎቴ አንጁሎ የሞተበት ሲኒማ

ጣሊያን ወላይታ በገባበት ዘመን እኔ የፊት ጥርሴ የወለቀ ልጅ ነበርኩ። የእናቴ ወንድም አንጁሎ እኛ ቤት ይኖር ነበር። ሰው መምሰል ይችላል። የአንካሳ አካሄድ፣ የዳኛ ሳል፣ የሰካራም ዘፈን፣ ምኑ ቅጡ። እንሰት ጓሮ ውስጥ ሰብስቦ ሲያስቀን የእርጥቡ ቅጠል ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

አንድ ቀን ሲኒማ የሚያነሳ ጣሊያን ከአስተርጓሚው ጋር ሶዶ መጣ። አንጁሎ ገበያ ላይ ሰው ሲያስቅ አየውና ወሰደው። መጀመሪያ አራሽ አድርጎ አነሳው፣ ቀጥሎ አዳኝ፣ ቀጥሎ ሙሽራ። ሚስት እንኳ አልነበረውም። እየቆየ ጣሊያኑ የእኛን ነገር ስለማያውቅ ማን የት ይቁም፣ ማን መቼ ይሩጥ የሚለውን ለአንጁሎ ተወለት። አጎቴ ዱላ ይዞ ሲኒማ ከሚያነሳው ሳጥን አጠገብ ቆሞ ሰው ማዘዝ ጀመረ። እኛ ልጆች ኮራን።

ከዚያ ጣሊያኑ የወላይታን ለቅሶ አሳዩኝ አለ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ሰው ዱቡሻ ይወጣል፤ የሰፈሩ መሰብሰቢያ ሜዳ ነው። ወንዱ ጋሻና ጦር ይዞ ይዘላል፣ ሴቱ ደረቱን ይደቃል። ያን ሰሞን ግን የሞተ አልነበረም።

«እኔ እሞትላችኋለሁ» አለ አንጁሎ። «ለማረስ ሰነፍ ነኝ እንጂ ለመተኛት ማን ይችለኛል።»

ሰው ሳቀ። የሰፈሩ ሽማግሌ ቶርቻ ብቻ አልሳቁም። አዋ ቶርቻ እንላቸው ነበር፣ አባት እንደማለት ነው።

«ልጄ፣ በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ሲሞት ምን ይቀርለታል?» አሉት።

«ያኔ እርስዎ ይጨምሩልኛል፣ አዋ።»

ከመጋደሙ በፊት ሁላችንንም ቦታ ቦታችን አቆመን። እኔን ራስጌው አስቀምጦ «እስክነሳ አልቅስ፤ ማንም ቢመጣ እንዳትናገር» አለኝ። ቡሉኮ ተከናንቦ ቃሬዛው ላይ ተኛ። አለቀስኩ፣ ጎበዝ አልቃሽ ወጣኝ። በዚህ መሀል አያቴ፣ የአንጁሎ እናት፣ ከገበያ ስትመለስ ጩኸቱን ሰማች። ማንም አልነገራትም። ሸክሟን ጥላ መጥታ ቡሉኮው ላይ ወደቀች፣ ፊቷን ቧጠጠች። አንጁሎ ሰምቷታል። ቡሉኮው ሥር ሲተነፍስ አይቻለሁ። ሳጥኑ ይዞር ስለነበር አልተነሳም። እኔም እንደታዘዝኩ አለቀስኩ።

ሳጥኑ ሲቆም ብድግ ብሎ «እናቴ፣ አለሁ» አላት። ደም በደም በሆነ ፊቷ አየችው።

«እኔ ልጄን አልቅሼ ጨርሻለሁ» ብላ ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ አንጁሎ የጣሊያኑን ዕቃ ይዞ ቆላ ወረደ፣ ወባ ይዞት ሞተ። ሬሳው ሲመጣ ሰው ዱቡሻ ወጣ፣ ጋሻ የያዘ ግን የለም። አዋ ቶርቻ «ለዚህ ሰው አልቅሰናል። ለአንድ ሰው ሁለት ለቅሶ የለም» አሉ። ሁሉም ወደ አያቴ ዞረ። እሷ ብትጀምር አገር ያለቅስ ነበር። አልጀመረችም። እኔም እንባ አጣሁ። ቡሉኮው ይነቃነቅ እንደሆነ ሳይ ሳይ ቀበሩት።

«ልጅ ነበርክ» ይሉኛል ልጆቼ። ልጅ መሆኔን መች አጣሁት። አጠገቧ ነበርኩ፤ ጆሮዋ ሥር «አልሞተም» ብላት ምን ነበረበት? ያ ሲኒማ የት እንደደረሰ አላውቅም። የሆነ አገር አያቴ አሁንም እያለቀሰች ይሆናል።

ዛሬ ሶዶ ውስጥ ለቅሶም በቪዲዮ ይነሳል። እንደ ድሮው ጦር ይዞ የሚዘል የለም፤ መዝሙር አለ፣ ስብከት አለ፣ ደግ ነው። የሚቀርጸው ልጅ «አባባ፣ ወደዚህ ዞር ይበሉ» ይለኛል። አልዞርም። ግትር ሽማግሌ ይለኛል፣ ይበል። ሰው ተበትኖ ካሜራው ሲሄድ መቃብሩ አጠገብ እቀራለሁ። መጀመሪያ ለሟቹ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ለአንጁሎ ትንሽ እጨምራለሁ። አንዳንዴ የአንጁሎ ይበልጣል።