ሸክላ የምትቀምሰው ሴትዮ

በደብረ ታቦር ቅዳሜ ገበያ ሸክላ ከሠሪዎች ተረክባ የምትሸጠው አንጓች፣ ይህችን ሴትዮ ከሩቅ ስታያት ድስቶቿን ወደ ራሷ ትሰበስባለች። ስሟን አታውቅም። የሴትዮዋ ነጠላ ንጹሕ ነው፤ ጥፍሮቿ ግን ሥራቸው ድረስ ጭቃ ይዟቸዋል። አንድም ቀን ገዝታ አታውቅም። ድስቱን በጣቷ ታንኳኳለች፣ አፉን በምላሷ ነካ ታደርግና ትሄዳለች።

ዛሬ ግን አልሄደችም። እንትፍ አለች።

“ሲሚንቶ! ምላሴን ለበለበኝ እኮ! ምን ሲደረግ ነው ጭቃው ውስጥ ሲሚንቶ የሚገባው?”

“እንዲጠነክር ብለው ነው፣ እትዬ።”

“ይጠነክራላ፣ እሳት ላይ እስኪጣድ! ወጡን እንደያዘ ለሁለት ሲከፈል፣ ልጆቿን ሰብስባ የተቀመጠችው እናት ምን ታቅርብ? እንደ ወጉ አሮጌ ገል ፈጭቶ መጨመር ከበዳቸው? እግዜርንስ አይፈሩም?”

ገበያተኛው ዞሮ አየ። ሴትዮዋ ድስቱን ልትከሰክሰው ብድግ አደረገችው። ጣቶቿ ውስጡን ሲነኩ፣ መሃሉ ላይ በአውራ ጣት ተጭና የተጠቀለለች ትንሽ ምልክት አገኙ፤ የራሷ የሸክላ ምልክት ናት። እጇ እዚያው ቀረ።

ድስቱን ቀስ አድርጋ መለሰችው። ቁጣዋ ግን አልበረደም።

“ለሠራችው ልጅ ንገሪያት” አለች። “‘ይህችን ምልክት ያስተማረችሽ እናትሽ፣ ሲሚንቶ አላስተማረችሽም’ በያት።”