ለሙከራ የተቀዳ ደም

በዚያ ዘመን ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። ለቆላው ትኩሳት ሁሉ አንድ ስም ነበረን፤ ወባ። ምርመራው ወባ የለም ቢልም የወባ ኪኒን እንሰጣለን፤ ሌላ ምን አለንና። በሽተኛው በወሩ ላብ አጥምቆት፣ ወገቡን ይዞ ይመለሳል። እኛም ኪኒኑን እንደግምለታለን።

አንድ ዶክተር የሙከራ ጥናት ገንዘብ አግኝቶ ከአዲስ አበባ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ገንዘቡ የውጭ ነው። ሰጪዎቹ የሚፈሩት ድንገት ተነስቶ ድንበር የሚሻገር፣ ክፉ ሰው እጅ ከገባም ለጦር መሣሪያ የሚውል በሽታ ነው። በትንሹ ሞክሩ፤ ተስፋ ካለው ትልቁን እንሰጣችኋለን ብለውታል። ትልቁ ማለት ላቦራቶሪ፣ ማቀዝቀዣ፣ መድኃኒት ነው። ዶክተሩ ደም ቀጂ አድርጎ ሲመርጠኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ከከተማው ቁልቁል ባለች አንዲት የሙስሊሞች መንደር ፍየሎች ይጨነግፉ ነበር፤ ሰዎቹም ያ ትኩሳት አይለቃቸውም። እዚያ ደም ስቀዳ አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቱ ፅንስ አልረጋ ብሏት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። የባሏ ዘመዶች ሾተላይ አለባት ማለት ጀምረዋል፤ ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው፤ ከተቀመጠ ደግሞ ፍቺ ነው። እናትየዋ የልጃቸውን ክንድ ራሳቸው ዘረጉልኝ።

«ደሟ ይመስክርላት። ከሷ ካልሆነ፣ ከሷ አይደለም የሚል ቃል አምጣልኝ። የቀረውን ለሽማግሎቹ እኔ እናገራለሁ» አሉኝ።

በዚያች መንደር ወተት አይፈላም። ከፈላ የፍየሏ ጡት ይነጥፋል ይባላል። ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድማ የምትጠጣው እሷ ናት፤ እንደታለበ፣ ሙቀቱ ሳይለቀው። ልጅቱ ባረገዘች ቁጥር አማቷ ከገዛ ልጃቸው አፍ ነጥቀው ያጠጧት ነበር። እኚያ ሴትዮ ክፉ አልነበሩም፤ ምራታቸውን ይሳሱላት ነበር።

ዶክተሩ ይህን ሲሰማ ጠረጠረና ወተቱን አፍሉት አለ። ሰዎቹ በትሕትና እሺ አሉት፤ ግን በእንግዳ ቃል የፍየሏን ጡት የሚያደርቅ ማን አለ? ማስረጃው ሲመጣ ይሰሙናል አልን። ደሙ በበረዶ ታሽጎ በጣርማ በር በኩል አዲስ አበባ ሄደ፤ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ ውጭ አገር ተጫነ።

እናትየዋ በየገበያው ቀን ጤና ጣቢያው በር ላይ ይጠብቁኝ ጀመር። ውጤቱ ገና አልመጣም እላቸዋለሁ። ሽማግሎቹን መጀመሪያ ክረምቱ ይለፍ ብለው ለመኑ፣ ቀጥለው መኸሩ ይግባ ብለው ለመኑ። ከመኸሩ በኋላ የሚለምኑበት ምክንያት አጡና ኒካሑ ፈረሰ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ መልሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዶክተሩ በስልክ ነገረኝ። በልጅቱ ደም የተገኘው በጥሬ ወተት ከፍየል ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ የሚያስወርድ፣ በመድኃኒት ግን የሚድን በሽታ ነው። ለገንዘብ ሰጪዎቹ አዲስ አልሆነባቸውም፤ ዓለም የሚያውቀው፣ እነሱን የማያሰጋቸው ነው። ስለዚህ ትልቁ ገንዘብ ቀረ። ውጤቱን ለመንደሩ ማን ይንገር ብዬ ስጠይቀው፣ ያ በሁለተኛው ዙር፣ በትልቁ ገንዘብ የታሰበ ሥራ ነበር አለኝ። ድምፁ ደክሞ ነበር፤ እሱም ሲለምናቸው ሰንብቷል። እኔ ግን ተናደድኩ። ሰው ለገዛ ደሙ ባዳ ሲሆን ያየሁት ያኔ ነው።

ማንም ሳይልከኝ ወደ መንደሯ ወረድኩ። ልጅቱ የለችም። ደላላ በአፋር በኩል ወደ ዐረብ አገር ወስዷታል፤ ባሕሩን መሻገሯን የሰማ የለም። እናትየዋ ያልኩትን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ከሷ አይደለም?» ብለው ጠየቁኝ። አይደለም እትዬ፣ ከወተቱ ነው አልኳቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱ። ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ባልየው ሌላ ማግባቱንና አዲሷም ማርገዟን ነገሩኝ።

«የኔዋስ ሄደች። ያቺም የሰው ልጅ ናት፤ ሂድና ንገራት።»

ሄድኩ። አማትየዋ በክብር ተቀብለው አስቀመጡኝ። አዲሷ ሙሽራ አጠገቤ ተቀምጣ ሰማች። ስጨርስ አማትየዋ ሁለቱንም ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ ብለው ደረታቸውን መቱ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም ብላቸው አልሰሙኝም። ሙሽራይቱ ግን ረጋ ብላ እስካሁን የጠጣችው ወተት ምን እንደሚሆን ጠየቀችኝ። መድኃኒት አለው አልኳት።

«ይዘኸው መጣህ?» አለችኝ።

የመጣሁት ባዶ እጄን ነበር።