በብዙኃኑ ኀ

እስካሁን ከዐይኔ ያልጠፋ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ባለፈው ክረምት መሪጌታ ፈንቴ የሚባሉ ሽማግሌ ከጎርጎራ በጀልባ ሐይቁን ተሻግረው መጡ። ተቀይሟቸው ከቤት የወጣ ልጃቸው እኛ ዘንድ ታሞ ተኝቷል የሚል ወሬ ሰምተው ነው። መዝጋቢዋ ስሙን ብትፈልግ ኮምፒውተሩ «አልተገኘም» አላት፤ ግራ ቢገባት እኔን ጠራችኝ።

ሳየው መሪጌታ እንደነገሯት በብዙኃኑ ኀ «ኅሩይ» ብላ ጽፋለች። ፕሮግራሙ ከውጭ የመጣ ነውና የእንግሊዝኛውን ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደ አንድ ቆጥሮ ይፈልጋል፤ የእኛን ሀ፣ ሐ እና ኀ ግን ለየብቻ ነው የሚያያቸው።

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ አባቴ» አልሁና ሦስቱን እንደ አንድ እንዲያይ አደረግሁት።

እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ፊደል ያስቆጠርሁት እኔ ነኝ፤ ስሙን ሲጽፍ አይሳሳትም ነበር» እያሉ ያጫውቱኛል።

እንደገና ስፈልግ ወጣ። «ህሩይ ፈንቴ፣ ጎርጎራ» ይላል፤ ከጎኑ ደግሞ «ሕይወቱ አልፏል»። ዐይናቸው ደኅና ነበርና ከእኔ እኩል አነበቡት። መሪጌታ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ እባክህ እንደ ቀድሞው አድርገህ ፈልግልኝ» አሉኝ።

ያስተካከልሁትን መለስሁና በብዙኃኑ ኀ ብቻ ፈለግሁ። «አልተገኘም» አለ።

«ተመስገን!» አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ጀልባው ሄዱ።